ንፋስ ማውጫ

ወደ ወንጂ ስወርድ፣ ከፊቴ አገዳ የጫነ ተሳቢ፣
ፍሬኑን ጨበጥኩት፤
እጀታው ያላንዳች ተቃውሞ መሪው ላይ ተኛ፣
እንደ ደከመ ሰው፣ እንደ ተሰላቸ ዳኛ።
በኋላው ፍሬንና በጫማዬ ሶል ነው የተረፍኩት።

ሆንዳዋ ያባባ ናት፣ የስልሳ ስምንት ስሪት፤
ሰልባትዮዋ ላይ የጉልበቱ ምልክት አለበት፣
ሃያ ዓመት አገዳ ሲቆጣጠር ቀለሙን የላጠበት።

ገፍቼ ሱሩር ጋራዥ ወሰድኳት፣ ፍራንኮ ጀርባ።
ቁጢጥ አለ፤ አልተናገረም፤ ባትሪ አበራባት።
ሸራውን አየ፤ ገና ነው።
ቱቦውን በጣቱ ዳበሰ፤ አላበጠም።
የዘይት ጣሳዋን ከፈተና
«ይኼ ምንድን ነው?» አለ፤ «ሞላሰስ?»
ጥቁር። አባባ በእጁ የሞላው፣ ካረፈ ወዲህ ያልተቀየረ፣
ሦስት ክረምት እርጥበት እየጠጣ በዝምታ የከረረ።

አዲስ ሞላ። ቢጨብጠው ያው ነው፣ ይሰምጣል።
«ንፋስ ገብቶታል» አለኝ።
«ዘይት ሐቀኛ ነው፤ እዚህ የሰጠሽውን እዚያ ያደርሳል፤
ንፋስ ግን ሲጫኑት እሺ እያለ ይጨመቃል፣
አደራሽን መንገድ ላይ ይበላል።
ማውጣት ነው። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣
አንድ የሚጨብጥ፣ አንድ የሚፈታ፤
እኔ ለጁምዓ፣ ከዚያም ለቅሶ ቤት ነኝ እስከ ማታ።
ሰው ካለሽ ጥሪ።»

አዳማ ላይ ንፋስ ምን ብርቅ ነው!
ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ አሸዋ ያጎርሳል፣
ገመድ ላይ ያሰጣሽውን ለጎረቤት ያወርሳል።
በእኔና በወርዶፋ መሀልም ገብቷል፣
ያባባ ቤት በግንብ ከተከፈለ ወዲህ፤
በአንድ ቆጣሪ፣ በሁለት በር እንኖራለን።

ደወልኩ። «ፍሬኗ» አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም።
መጣ። እጅጌውን ሰበሰበ፤ ደህና ዋልሽ አላለም።

ቡሎኗ ጫፍ ላይ ቀጭን ላስቲክ ሰካሁ፣ ሌላውን ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ፤
ዘይቱ ቀለም ይበላልና ሰልባትዮዋን በጨርቅ ሸፈንኩ።
ስምንት ቁጥር ቁልፍ በእኔ እጅ፣ እጀታው በእሱ።
«ጨብጥ።»
«ጨበጥኩ።»
«ያዝ።»
«ይዣለሁ፤ ፍቺ።»
ፍቺ፦ ስንቱን ተሸከመች ይቺ ቃል!
እንቆቅልሹም፣ ትዳሩም፣ ቡሎኑም በሷ ይላቀቃል።

ሩብ ዙር። ላስቲኩ ውስጥ አረፋ ሮጠ፣
ጠርሙሱ ውስጥ ተንጫጭቶ ተገላበጠ።
ዘጋሁ። «ልቀቅ።» እንደገና።
ጣሳዋ ሳትጎድል ሙላ፣ እንደገና።
አረፋው ሽንብራ አከለ፣ ምስር አከለ፣ ጤፍ አከለ፤
በሰባተኛው፣ ሳልዘጋ ለቀቀ።
ያወጣነው ሁሉ ፉት ብሎ ተመለሰ።

«ሁልጊዜ ቶሎ ትለቃለህ» አልኩ።
ስለ ፍሬን ነበር። ቃሉ ግን ካፌ ወጥቶ
እስከ ሆስፒታሉ ኮሪደር ሄደ፣
ያባባን እጅ ትቶ ሲጋራ ሊያጨስ እስከ ወጣባት ሌሊት።
ወርዶፋ ጉልበቱ ላይ የፈሰሰውን ዘይት ጠረገ።
«አምስት ደቂቃ መስሎኝ ነው» አለ፣
ለጎማው እንደሚነግር።
ከዚያ ጨበጠ፤ የጣቶቹ አንጓ ነጣ።
«ፍቺ።»

ሲመሽ ላስቲኩ ውስጥ ጥርት ያለ ዘይት ብቻ፣ ማር የመሰለ።
እጀታው ግን ገና ትንሽ ይለመጣል።
ሱሩር ተመልሶ፣ ፒንሳውን እየፈለገ፣
«ያረጀ ነገር እንዲህ ነው፤ ጥቂቷ ተደብቃ ትቀራለች፤
ጨብጣችሁ እሰሩት፣ ሌሊቱን ራሷ ሽቅብ ትወጣለች» አለን።
ከካላማዳሪ ቀደን አሰርነው።
ቤት ድረስ ገፋናት፤ እሱ መሪውን፣ እኔ ከኋላ።

ሌሊት ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነቃሁ።
በመስኮት አየሁ፤ ወርዶፋ ከግንቡ ወዲህ ተሻግሮ
በስልኩ መብራት ቋጠሮውን ያያል፣ ላልቶ እንደሁ።
አልጠራሁትም።

ጠዋት ፈታነው። ድንጋይ።
ከኋላዬ ተፈናጠጠ፤ ባቡር ጣቢያው መታጠፊያ ላይ
ጋሪ ድንገት ሲገባብን በሁለት ጣት ነካሁት፤
ቆመች። ግንባሩ ማጅራቴን መታ።
«ቀስ በይ እንጂ!» አለ።

ስለ ግንቡ ገና አላነሳንም።